ቮልሷ ከውስጥ ስትታመም

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግቢዎ ውስጥ ነዎት እንበል። ልጆች ከአያታቸው የቀረችውን ቮልስ በሳሙና አረፋ ሸፍነው እየተሳሳቁ ያጥባሉ። ኮፈኗ ያብለጨልጫል፤ ፓራውልቷ ላይ ፊትዎ ይታያል። ጎረቤትዎ በአጥሩ ብቅ ብለው «አሁንም ሙሽራ ናት እኮ!» ይላሉ። ምስጋናውን ከተቀበሉ በኋላ ግን አንድ ነገር ያድርጉ። በሩን ይክፈቱና ጎንበስ ብለው፣ ከበሩ ሥር ያለውን ወፍራም የብረት ጠርዝ ከታች በኩል በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገው ይምቱት። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ከሰጠ እሰየው። የታፈነ፣ ካርቶን የተመታ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም እንደ ድርቆሽ ኮሽ ብሎ ከተፈረፈረ፣ ሙሽራዋ ታማለች።

የዛሬው ጉዳያችን ያ ጠርዝና መሰሎቹ ናቸው። አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያወጣው ለሚታየው ነው፦ ለቀለም፣ ለኒኬል፣ ለወንበር ልብስ። መኪናዋን የሚጨርሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይታየው፣ በሁለት ላሜራዎች መካከል ያለው ጨለማ ክፍተት ነው። ለዚያ ክፍተት የሚያስፈልገው ጥቂት ሰምና አንድ ደረቅ ቅዳሜ ነው።

ቮልስን ምሳሌ ያደረግነው ብዙ ቤት ስላለች፣ ከቤተሰብ አልበም ጋርም ስለተቆራኘች ነው። የሀገር ታሪክ ውስጥም ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ የመጨረሻዋ፣ ሜክሲኮ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ግቢዎ ውስጥ የቆመችው ከበሰበሰች ሌላ አዲስ አይመጣም። ፔጆ 404 ወይም አሮጌ ፊያት ያለዎትም ይከተሉን፤ ነገሩ አንድ ነው። የላንድሮቨር ባለቤቶች «የእኛ አካል አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም» ብለው ሲዝናኑ እሰማለሁ። አካሉ እውነት ነው። የሚሸከመው ሻሲ ግን ብረት ነው፤ ያውም ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት።

ባዶው ሣጥን

ልጆችዎን ይጥሩና አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ በጠርዙ እንዲያቆሙ ይጠይቋቸው። ይወድቃል። ወረቀቱን እንደ ቱቦ ጠቅልለው ሲያቆሙት ግን መጽሐፍ ይሸከማል። የመኪና አካልም የተሠራው በዚህ ብልሃት ነው። ላሜራው ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብቻውን ቢሆን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይታጠፋል። ሁለቱን አጥፈው፣ አግጥመውና ጠርዙን በነጥብ በነጥብ በይደው ሣጥን ሲያደርጉት መኪና ይሸከማል። ከበሩ ሥር፣ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች፣ በበሩ ታችኛ እጥፋት፣ በኮፈኑ ጠርዝ፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ውስጥ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ባዶ ቦታ አለ።

ችግሩ ሣጥኑ ከተበየደ በኋላ ውስጡን ብሩሽ አይደርስበትም። ሁለቱ ላሜራዎች የተጣበቁበት ቀጭን ስንጥቅ ደግሞ ውሃን እንደ ጨርቅ ይስባል፤ የሳበውን ቶሎ አይለቅም። የቤታችን ቆርቆሮ ዝናብ እየወረደበት ለዓመታት የሚቆየው ዚንክ ስለተቀባ ነው፤ መጀመሪያ የሚዝገው ሚስማር የበሳው ቦታና የተቆረጠው ጫፍ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች አካሉን በሙሉ ዚንክ ማልበስ የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ ፖርሽ ለምሳሌ በ911 ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሞዴል ነው። የስልሳዎቹና የሰባዎቹ ቮልስ ይህ መከላከያ የላትም።

ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በውስጥ በኩል ሲያብጥ ላሜራዎቹን ይፈለቅቃል፤ ስንጥቁ ይሰፋል፤ የሚገባው ውሃም ይጨምራል። ውጭ ላይ ቀለሙ ምስር የምታህል እብጠት አውጥቶ ሲያዩ «ትንሽ ዝገት ጀመረ» ይላሉ። አልጀመረም፤ ከውስጥ ጨርሶ እየወጣ ነው።

ውሃው በየት ገባ?

«የእኔ መኪና ዝናብ አያገኛትም፣ መጠለያ አላት» የሚሉ ብዙ ናቸው። መጠለያ ይረዳል፤ አይበቃም። የደጋ አየር ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን የአዲስ አበባ ማለዳ ያስቡት፦ ጣሪያው ላይ ያለው ጤዛ በሣጥኑ ውስጥም አለ። ውጭ ያለውን ፀሐይ ታደርቀዋለች። ውስጥ ያለው ግን ንፋስ ስለማያገኝ ወደ ታች ተንጠባጥቦ ወደ ስንጥቁ ይገባል።

ሁለተኛው መግቢያ የመስታወት ጎማ ነው። የከፍታ ፀሐያችን ጎማ ያደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል። በበር መስታወት በኩልማ አዲስ መኪና እንኳ ውሃ ያስገባል። ሠሪዎቹ ያውቁታል፤ ለዚህ ሲሉ ነው በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች የተዉት። እነዚህን ቀዳዳዎች አቧራ፣ የዛፍ ቅጠል፣ አንዳንዴም ቀለም ቀቢ ይደፍናቸዋል። ያን ጊዜ በሩ ባልዲ ይሆናል። በሩን ሲዘጉ የውሃ መንቦጫረቅ ሰምተው ያውቃሉ? እንግዲያው ባልዲው ሞልቷል ማለት ነው።

ከዚያ ላቫጆው አለ። በከፍተኛ ግፊት ከሥር የሚረጨው ውሃ ዝናብ በማይደርስበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ጭቃውን ማስለቀቁ ጥሩ ነው፤ በተለይ በፓራፋንጎዎቹ ውስጥ የሚጠራቀመው የክረምት ጭቃ እርጥበት አቅፎ ለወራት ይቆያል። ግን አሳጥበው ወዲያው ላስቲክ ሸፍነው ካቆሟት እርጥበቱን አብረው ቆለፉበት። ካጠቧት በኋላ ግማሽ ሰዓት ይንዷት፤ በሮቿን ከፍተው ፀሐይ ላይ ያቁሟት። የምትሸፈን ከሆነም አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ይሁን።

በአንድ ነገር ዕድለኞች ነን። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚነሰነስባቸው ሀገሮች መኪና ከእኛ በጣም ቀድማ ትበሰብሳለች፤ ጨው ዝገትን ያጣድፋል። ሚኒሶታ ወይም ጀርመን ያለ ዘመድዎ ከዚያው አሮጌ ቮልስ ሊገዛ ካሰበ የቀለሟን ፎቶ ሳይሆን የሆዷን ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።

ጋዜጣው

የእኛን ቤት ቮልስ ቀለም አስቀብተናት ነበር። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ በደንብ አሳምሮ መለሰልን፤ አባቴ ደስ ብሎት ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረባት። ሁለት ክረምት አለፈ። ከቀኝ በኩል፣ ከመርገጫው በላይ እብጠት ወጣ። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወሰድናት፤ ሰውየው በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ስቱኮው እንደ ቅርፊት ተነሣ። እጁን አስገብቶ የራሰ ነገር ጎትቶ አወጣና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብረት አይደለም፣ ጋዜጣ ነው» አለው አባቴን። ቀዳዳው በጋዜጣ ተወትፎ፣ ላዩ በስቱኮ ተለስኖ፣ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ ነበር። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቀኑን ለማንበብ ሞከረ።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ሊገዙ ወይም ሊያስቀቡ ሲሉ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። ከበሩ ሥር፣ በፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ፣ ከኋላ መስታወት በታች ያስጠጉት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። የወለሉን ምንጣፍ ያንሡ። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ እርጥብ ከሆነ ወለሉን ለመመርመር ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። ከስልክ ጋር የሚያያዝ ቀጭን ካሜራ ከተገኘ ደግሞ በቀዳዳው አስገብተው የሣጥኑን ውስጥ ማየት ይችላሉ፤ ልጆች ይህን ሥራ ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ

እስካሁን ያወራነው የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል። ቮልስ ላይ ግን ሦስት ነገሮች ከገንዘብ ያልፋሉ።

አንደኛው ራሱ የጎን ሣጥን ነው። አካሏ ከወለሏ ጋር በብሎን የሚታሰረው በእሱ በኩል ነው፤ የክሪኩ መግቢያም የተበየደው እዚያው ነው። ክሪክ ሲያደርጉ መኪናዋ በመነሣት ፈንታ ብረቱ ወደ ውስጥ ከሰረገደ፣ ያቺ መኪና ልጅ አሳፍራ ከከተማ መውጣት የለባትም።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የሚያንጠባጥበው አሲድ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላል፤ ብዙ ቮልሶች መጀመሪያ የሚበሱት እዚያ ጋ ነው። ሌላም አለ፦ ሰው ከላይ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ከሽቦው በላይ ያለው ሙሌት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። መቀመጫውን አንሥተው የባትሪው ክዳን መኖሩን ዛሬውኑ ይዩ። ከሌለ እስኪገኝ ድረስ ወፍራም ጎማ ያልብሱት። ባትሪውም በማሰሪያው መያዙን ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ማሞቂያው ነው። ቮልስ ውሃ የላትም፤ ቤቷን የምታሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው፤ አየሩም በእነዚያው የጎን ሣጥኖች አድርጎ ወደ እግርዎ ይመጣል። ጭስ ማውጫውን የከበበው ክፍል ዝጎ ከተበሳ ከሞቀው አየር ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገባ ይችላል። ይህ ጋዝ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እሱ ነው። ማሞቂያውን ሲከፍቱ የጭስ ሽታ ካገኙ፣ ወይም ተሳፋሪዎች ራሳቸውን ካመማቸው፣ ማሞቂያውን ዘግተውና መስታወት ከፍተው በቀጥታ ወደ ባለሙያ ይሂዱ።

የቀድሞው መድኃኒት

«እኛ ድሮ የተቃጠለ ዘይት ነበር የምንረጨው» የሚሉ አባቶች አሉ፤ ውሸት አይደለም። ዘይት ከምንም ይሻላል። ግን ቀጭን ስለሆነ ወርዶ ያልቃል፤ ጎማ ያበላሻል፤ ከሞተር የወጣው አሮጌ ዘይት ለቆዳም ለአፈርም መርዝ ነው። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ሲንጠባጠብ ማየት አልፈልግም።

ሬንጁ ግን የባሰ ነው። መኪናዋን ከሥር በሬንጅ ማስቀባት እንደ ክብካቤ ይቆጠራል። ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ከተቀባ ለጊዜው ይሠራል። ዝገት ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱን አፍኖ ያስቀምጠዋል። ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ውሃ ከጀርባው ይገባል፤ ከፊት ለፊት ሲያዩት ጥቁርና ጤነኛ ይመስላል። ከሥር ገብቶ የሚያይ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

የሚሠራው መድኃኒት ሰም ነው፤ «ካቪቲ ዋክስ» ይባላል። ቀጭን ሆኖ ይረጫል፣ በስንጥቆቹ መካከል ይሰርጋል፣ የሚተነው ነገር ሲተን ለስላሳ ሰም ሆኖ ይቀራል። ድርቅ ብሎ ስለማይቀር አይሰነጠቅም። ከበግ ፀጉር ከሚወጣ ቅባት የሚሠራም አለ፤ እሱም ጥሩ ነው። ሶማሌ ተራና የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች ይጠይቁ። ሲገዙ ረጅም ቀጭን ቱቦ ያለው መሆኑን ይዩ፤ ያለ ቱቦው ሰሙ ከንቱ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድዎን በሻንጣ እንዲያመጣልዎ ግን አያስቸግሩት፤ በግፊት የታሸገ ተቀጣጣይ ነገር ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

ደረቁ ቅዳሜ

ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ከቀናት በፊት ጭቃውን አሳጥበው ያድርቋት። ጎሚስታው ጋ ጎራ ብለው በኮምፕሬሰሩ አየር የበሮቹንና የሣጥኖቹን ቀዳዳዎች ያስነፉ፤ ከውስጥ የሚወጣው አቧራና ቅጠል ያስደንቅዎታል። ብየዳ የሚያስፈልገው ቦታ ካለ ሰሙ ይቆይ። መጀመሪያ ብየዳ፣ ቀጥሎ ቀለም፣ መጨረሻ ሰም ነው። ሰም የገባበትን ሣጥን መበየድ እሳት ያስነሣል፤ ሰም የነካው ላይ ቀለምም አይይዝም። የበሰበሰ ብረትን ሰም አያድነውም፤ ሰም የሚያቆየው ገና ያለውን ብረት ነው።

ጠዋት ባትሪውን ይፍቱ። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፤ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ። ፈሳሹ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ በአካባቢው አይኑር፤ የዕለቱ ቡና ከግቢው ሌላኛው ጫፍ ይፈላ። ፍሬኑን፣ ጭስ ማውጫውንና መስታወቱን በላስቲክ ይሸፍኑ። ከሥር ካርቶን ያንጥፉ። ሰሙ ከወፈረብዎ ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም አያድርሱት። እኩለ ቀን ላይ ብረቱ ራሱ ሲሞቅ ሰሙ የበለጠ ይሰርጋል።

ከጎን ሣጥኖቹ ይጀምሩ። ከፊት በእግርዎ አጠገብ የሞቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ በኋላ በኩል ደግሞ ከሞተሩ የሚመጣው ቱቦ የሚገጠምበት አፍ አለ። የሰሙን ቀጭን ቱቦ በአንዱ አስገብተው የቻለውን ያህል ይግፉት። ከዚያ እየረጩ ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡት። ጥበቡ ያለው በአሳሳቡ ነው፤ ከቸኮሉ ያልተቀባ ቦታ ይቀራል። ቱቦው ላይ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብለው በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱ ብቅ ሲል መርጨትዎን ያቁሙ፤ አለዚያ ቀሪው ፊትዎ ላይ ነው። ከታችኛው ስፌት ሰሙ ላብ ላብ ሲል ካዩ ደስ ይበልዎ፤ ውሃ ይገባበት የነበረውን መንገድ አግኝቶታል።

በሮቹን የውስጥ ልባሳቸውን አንሥተው በታችኛው እጥፋት ላይ ይርጩ። ከኋላ መቀመጫ ግራና ቀኝ ያለውን ጎድጓዳ፣ ከፊት ኮፈን ውስጥ ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ስፌት፣ የሁለቱንም ኮፈኖች ጠርዝ አይርሱ። መግቢያ ያጡበትን ቦታ ለመብሳት አይቸኩሉ፤ መብሳት ግድ ከሆነ ቀዳዳውን ቀለም አስነክተው በጎማ ክዳን ይዝጉት። ሲጨርሱ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በስንጥር አንድ በአንድ ይክፈቱ። ይህን የሚዘነጋ ሰው ለውሃው አዲስ ባልዲ ሠራለት ማለት ነው።

ሽታው ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ሰሙ የሞቀ አየር በሚያልፍበት ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ያለው፣ ሽታው እስኪጠፋ ማሞቂያውን አይክፈቱ፤ ሲነዱም መስታወት ዝቅ ያድርጉ። ልጆችን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሌላ መኪና ቢያመላልሷቸው ይመረጣል።

ካርቶኑ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያዩ አይደንግጡ፤ የተረፈው ሰም ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ያቆማል። የሠሩበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ከፊት ኮፈኑ ውስጥ ይለጥፉት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ቀዳዳዎቹን በስንጥር ይፈትሹ፤ ካቻቢቴውንም ለልጅዎ ይስጡት፤ የትኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ በጆሮው ያውቀዋል። ድምፁ የተቀየረበትን በጠመኔ ያክብበው። ባለሙያ ዘንድ ሲወስዷትም «ከመዝጋትህ በፊት ሣጥኑን ክፍት ሆኖ ልየው» ይበሉት፤ ፎቶም ያንሡ።